ቀኑን የጠየቀው ሰርቨር

የጥልፍ ሱቁ ባለቤት ጋሼ፣ ሥራ ሲሰምር «ኢንጂነር»፣ ሥራ ሲበላሽ «ገጣሚ» ይሉኛል። ሁለቱንም ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ኮምፒውተር የለመድኩት የሞተውን እየፈታሁ ነው። ግጥም የለመድኩት ደግሞ ከመሳለሚያ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በታክሲ ተጨናንቄ፣ ስልኬ ላይ እየጻፍኩ እየሰረዝኩ ነው። መንገዱ ክፍት ቢሆን ኖሮ ግጥሞቼ ሁሉ ሁለት መስመር ላይ ይቀሩ ነበር።

ሱቁ ጎጃም በረንዳ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ካጋጠመህ እስከ ታች ወርደህ ታሳልፈዋለህ። ውስጥ ሁለት የጥልፍ ማሽኖች አሉ። ሲሠሩ ቆርቆሮ ላይ በረዶ የሚወርድ ይመስላል፤ ስለዚህ እዚያ ቤት ሰው ሁሉ የሚያወራው እየጮኸ ነው፣ ማሽኖቹ ሲቆሙም ጩኸቱ አይቆምም። ዲዛይኖቹ ሁሉ የሚቀመጡት ሰርቨሩ ላይ ነው። ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከጣቃዎቹ በላይ፣ መደርደሪያ ላይ የተሰቀለ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ነው። ጋሼ እንግዳ ሲመጣ እንዳያፍሩበት ብለው ዙሪያው የተጠለፈ ነጭ ልብስ አሠርተውለታል። እኔ በመጣሁ ቁጥር «ይሞቀዋል፣ አየር ያጣል» ብዬ እገፍፈዋለሁ። በሚቀጥለው ስመጣ ለብሶ አገኘዋለሁ።

ባክአፕ የሚባለውን፣ የዲዛይኖቹን መጠባበቂያ ቅጂ፣ ላስገባላቸው ስል ጋሼ አንድ ደህና ጥያቄ ጠይቀውኝ ነበር።

«በየቀኑ ሁሉንም ከቀዳህ፣ ዲስኩ በሳምንት አይሞላም?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ስንት ስም አለዎት?» አልኳቸው።

አሰቡ። አባታቸው ያወጡላቸው አለ። የክርስትና ስማቸው አለ። አገር ቤት ሲገቡ አክስታቸው የሚጠሯቸው አለ። አራተኛውን ሊናገሩ አልፈለጉም፤ ደላሎቹ ከኋላቸው የሚጠሯቸው ነው።

«በአራቱም ስም ምሳ የሚበላው ግን አንድ ሰው ነው» አልኩ። «ይሄም እንደዚያ ነው። ያልተቀየረውን ዲዛይን ደግሜ አልቀዳውም፤ ለዚያው ፋይል በዛሬው ፎልደር ውስጥ አንድ ስም እጨምርለታለሁ። ሃርድ ሊንክ ይባላል። ስሙ በየቀኑ ይበዛል፣ ሰውየው አንድ ነው፣ ቦታም የሚይዘው የአንድ ሰው ነው። የተቀየረ ካለ እሱ ብቻ አዲስ ይቀዳል።»

«አንዱን ፎልደር ብታጠፋውስ?»

«አንድ ስም ተረሳ ማለት ነው። ሰው አንድ ስሙ ስለተረሳ አይሞትም። የሚሞተው የመጨረሻው ስሙ የተረሳ ዕለት ነው።»

ጋሼ፣ «ይሄ ኮምፒውተር ነው ግጥም?» አሉ።

«ኮምፒውተር ነው።»

«ግጥም ከሆነ ከወዲሁ ንገረኝ።»

ተስማማን። ነገሩ ቀላል ነበር። በየቀኑ ሱቁ ሲዘጋ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሰርቨሩ ዲዛይኖቹን «አሁን» ብዬ ከሰየምኩት ፎልደር ጋር ያስተያያል፤ የተቀየረውን ይተካል። ከዚያ በዕለቱ ቀን የተሰየመ አዲስ ፎልደር ይዘረጋና ለእያንዳንዱ ፋይል እዚያ ውስጥ ስም ይሰጠዋል። ፎልደሮቹ የወር ያህል ሲሞሉ ደግሞ ከሁሉም ያረጀውን ይጥላል። የሠራውንም አንድ ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ሎግ ይሉታል። ሌላው ሰው እዚያ ላይ «ተጠናቀቀ» ብሎ ያስጽፋል። እኔ እጄ አላርፍ ብሎኝ በግጥም አስጻፍኩት፤

አዲሱን ዘረጋሁ ትናንትን ደግፌ፣
ያረጀውን ጣልኩት ከደጅ አራግፌ።

ከየመስመሩ ጎን የፎልደሩ ስም ይገባል። በዚህች ግጥም እኮራባት ነበር። ማንም አንብቧት አያውቅም፤ እኔም ከጻፍኳት በኋላ ሄጄ አላየኋትም።

በጥር፣ ሰርግ እንደ ጎርፍ በሚወርድበት ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ። የጥልፍ ማሽኑን የምትይዘው ልጅ ነበረች።

«ና ቶሎ» አለች። «ግጥም ይዘህ እንዳትመጣ። ፍላሽ ይዘህ ና።»

ስደርስ ሱቁ ውስጥ ማሽኖቹ ቆመዋል። አግዳሚው ላይ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት ሴት ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ የሙሽሪት ካባ ታጥፎ ተቀምጧል። የሙሽሪት እናት ናቸው። ካባው አልቋል፣ በጣም ያምራል፤ ከአንገቱ እስከ ግርጌው እንደ ሐረግ የሚወርድ ወርቃማ ጥልፍ አለው። የሙሽራው ካባ ደግሞ በዚያው ዲዛይን ሊጠለፍ ጨርቁ ማሽኑ ላይ ተወጥሯል። ነገ መወሰድ አለበት። ሰርጉ እሑድ ነው። ዲዛይኑ የለም።

«እንዴት የለም?» አልኩ።

«አለ» አለች ልጅቱ። «ግን አንሷል። ጠዋት አበባ ለምትይዘው ሕፃን ቀሚስ አሳንሼው፣ በሌላ ስም ሴቭ ላደርግ ስል መብራቱ ብልጭ አለ። ደነገጥኩና ‹እሺ› የሚለውን ተጫንኩ። በቃ፣ ትልቁ ላይ ሄዶ ተኛበት።»

«መልሰሽ አታሳድጊውም?»

አንድ ቁራጭ ጨርቅ ወረወረችልኝ። አሳድጋው ሞክራ ነበር። የተቀነሰ ጥልፍ ሲያሳድጉት ስፌቱ ይሳሳል፤ ሐረጉ መሃል መሃሉ ክፍት ሆኗል።

«እኔም አይቼዋለሁ» አሉ እናትየዋ። «ይሄ ጥልፍ ነው የብል ሥራ?» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ስማኝ የኔ ልጅ። የሙሽራው አክስቶች ዓይናቸው ክር ይቆጥራል። ሁለቱን በአንድ ካባ አወጣቸዋለሁ ብዬ በሽማግሌ ፊት ቃል ገብቻለሁ። እሷ በአንዱ፣ እሱ በሌላው ቢወጡ ምን እንደሚሉ ታውቃለህ? ‹ገና ሳይጋቡ ተለያዩ› ነው የሚሉት። ልጄ ይቺን ነገር ዕድሜ ልኳን ትሰማታለች።»

«እትዬ፣ ምንም አይጨነቁ» አልኩ፣ በርጩማ እየሳብኩ። «የትናንቱ አለ። የትናንት ወዲያውም አለ። የፈለጉትን ቀን ይምረጡ።»

«ኢንጂነር!» አሉ ጋሼ በኩራት፣ ለእናትየዋ እያስተዋወቁኝ።

በርጩማው ላይ ወጣሁ፣ የሰርቨሩን ልብስ ገፈፍኩ፣ ፎልደሮቹን ከፈትኩ። ተደርድረዋል፤ ወደ ታች ወረድኩ። የመጨረሻው ፎልደር ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኖታል። ካባው የተነደፈው ባለፈው ሳምንት ነው። ትናንት የለም። ከትናንት ወዲያም የለም። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ደግሜ አየሁት፤ ሰው ኪሱ ውስጥ የሌለ ቁልፍ እንደሚፈልገው።

«ገጣሚ» አሉ ጋሼ። አንድ ቃል ሳልናገር ስሜ ተቀየረ።

መፈለግ ጀመርኩ። መጀመሪያ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ አየሁ።

«አገኘኸው?» አለች ልጅቱ ከታች።

«አላገኘሁትም። ግን ዲስኩ አልሞላም።»

«ደስ ይበልህ።»

ፕሮግራሙ ጠፍቶ እንደሆነ አየሁ፤ በቦታው አለ፣ በሰዓቱ እንዲነሳ ታዟል። ሰርቨሩ ፎልደር እንዳይፈጥር የከለከለው ነገር ይኖር ይሆን ብዬ አንድ ባዶ ፎልደር ፈጠርኩ፤ ያለ ምንም ማጉረምረም ተፈጠረ።

«አሁንስ?»

«ፎልደር መፍጠር ይችላል።»

«እሱማ እኔም እችላለሁ።»

የቀረኝ ሎጉ ነበር። ከፈትኩት፣ ግጥሜ ስክሪኑን ሞላው። አዲሱን ዘረጋሁ፣ ያረጀውን ጣልኩት። አዲሱን ዘረጋሁ፣ ያረጀውን ጣልኩት። ገጽ ሙሉ።

«ምንድን ነው የሚያነበው?» አሉ እናትየዋ ቀስ ብለው።

«ሰርቨሩ ግጥም ይጽፋል» አለች ልጅቱ።

«ውይ! ከመቼ ጀምሮ?»

«እሱ እጅ ከገባ ጀምሮ።»

የመጨረሻዎቹን መስመሮች ጎን ለጎን ሳይ ነው ያስተዋልኩት። የተዘረጋው ፎልደርና የተጣለው ፎልደር ስማቸው አንድ ነው። የመጨረሻው ቀንም፣ የበፊቱ ቀንም፣ ከዚያ በፊት ያለውም። ማሽኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ወልዶ በየቀኑ ሲቀብር ነበር፤ ሲቀብርም በኔ ግጥም እያንጎራጎረ። ዓመተ ምሕረቱን አየሁት፤ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል።

«ጃጅቷል» አልኩ። «ቀኑን ረስቶታል። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል።»

«ማን?» አሉ ጋሼ።

«ሰርቨሩ።»

«ምንም ወደ ኋላ አልተመለሰም። ትክክል ነው።»

«ምኑ ነው ትክክል?»

«ቀኑ ነዋ! እኔ ነኝ ያስተካከልኩት።»

ከበርጩማው ልወድቅ ነበር። ነገሩን ሲያስረዱ ድምፃቸው ውስጥ አንዳች የጥፋት ስሜት የለም። ከሁለት ሳምንት በፊት መብራት ጠፍቶ የመጣ ዕለት፣ ሰርቨሩ አልነሳም አለ። ጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ጽሑፍ ቆመ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ደክማ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ቀኑንም ሰዓቱንም ረስቶታል፣ ስለዚህ የሚያስታውሰው ሰው ይጠይቃል። ኢንተርኔት ላይ እንዳያይ ደግሞ ኢንተርኔት የለውም፤ ጋሼ «ሠራተኛ ቪዲዮ ያይበታል» ብለው አስቆርጠውታል።

«ቀን ጠየቀኝ» አሉ። «ነገርኩት። አንተን ሰው ‹ዛሬ ስንት ነው?› ቢልህ ምን ትለዋለህ? ልዋሸው?»

«በፈረንጅ ነበር እኮ የሚፈልገው፣ ጋሼ።»

«መርካቶ ተቀምጦ የፈረንጅ ቀን ምን ያደርግለታል?»

«‹ጥር ስንት ነው?› ብለው እኔን ጠይቀውኛል» አለች ልጅቱ። «ለማሽኑ መሆኑን መቼ አወቅኩ? ተዝካር ያለባቸው መስሎኝ ነው የነገርኳቸው።»

አሁን ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ማሽኑ ፎልደሮቹን የሚደረድረው በቀናቸው ነው፤ ትንሹ ቁጥር ያረጀው ነው። በእኛ አቆጣጠር የተሰየመው የዛሬ ፎልደር፣ በፈረንጅ ከተሰየሙት ከአሮጌዎቹ ሁሉ በስምንት ዓመት ያረጀ ይመስላል፤ ገና ሲወለድ የሁሉም ሽማግሌ ነው። ማሽኑም ሽማግሌውን ይጥላል። የታዘዘውን ነው የሠራው። ጋሼም የተጠየቁትን ነው የመለሱት። እኔም ግጥሜን ጽፌያለሁ። ሁላችንም ሥራችንን በደንብ ሠርተን ካባው ጠፋ።

«እና የሙሽራው ካባ የት ገባ?» አሉ እናትየዋ።

«በየቀኑ ተጥሏል፣ እትዬ።»

«እሳቸው ቀን ስለተናገሩ?»

«አዎ።»

«ሰው ቀን ቢናገር ምን ጥፋት አለው?» አሉና ጋሼን በሐዘኔታ አዩአቸው። ጋሼም የተበደለ ሰው ፊት አሳዩ።

አንድ ተስፋ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ «አሁን» የሚለው ፎልደር። የየቀኑ ፎልደሮች ቢጣሉም የወደቀው ስም ነው እንጂ አካሉ አይደለም፤ አካሉ «አሁን» ውስጥ በመጨረሻ ስሙ ይኖራል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። «አሁን» በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይታደሳል። ልጅቱ ዲዛይኑን ያበላሸችው ጠዋት ነው። የመግሪብ አዛን ካለፈ ቆይቷል፤ በመስኮቱ ታች ሱቆች በራቸውን እየጎተቱ፣ ረዳቶች የመጨረሻውን ተሳፋሪ እየጠሩ ነው። አንድ ሰዓት ሞልቷል። የተበላሸው ዲዛይን በደህናው ላይ ተተክቶ አልቋል ማለት ነው። ፎልደሩን መክፈት እንኳ አላስፈለገኝም።

«አልቋል» አልኩ። «የመጨረሻውም ሄዷል።»

እናትየዋ ጭናቸው ላይ ያለውን ካባ ዘረጉት፣ በመዳፋቸው ሐረጉን ከአንገቱ እስከ ግርጌው ዳሰሱት። ከዚያ ለልጅቱ አቀበሏት።

«እንግዲያው የሷንም ፍቱት» አሉ። «ሁለቱም ጥልፍ የሌለው ካባ ለብሰው ይውጡ። እኩል ይሁኑ ብቻ።»

«ይሄን?» አለች ልጅቱ። ካባውን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ስትናደድ ነበር የማውቃት፤ ድምፅዋ እንደዚያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። «እትዬ፣ ይሄን እኔ አልፈታውም። ሌላ ሰው ይፍታው።»

ጋሼ ተቁነጠነጡ። ሁሉም ሰው ጥፋቱን ወደሳቸው የሚገፋ መሰላቸው።

«እኔ ግማሽ ሥራ የምሠራ ሰው አይደለሁም» አሉ። «ቀኑን ብቻ ነው እንዴ ያስተካከልኩት? ሰዓቱንም አስተካክያለሁ!»

ዞሬ አየኋቸው። «ሰዓቱንስ ስንት ብለው ሞሉት?»

«በእኛ ነዋ። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ነበር። ስምንት አልኩት።»

ወደ ስክሪኑ ጥግ አየሁ። ጨርሶ አይቼው የማላውቀው ቦታ ነው፤ ሰዓት ያለው ሰው የኮምፒውተር ሰዓት አያይም። በፈረንጅ ስምንት ሰዓት ማለት በእኛ የጠዋቱ ሁለት ነው። ማሽኑ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው የሚኖረው። እኛ ጋ መሽቷል። እሱ ጋ ገና ምሳ ተበልቶ አልተነሳም። የሱ የምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት የሚደርሰው እኛ እኩለ ሌሊት ስንደርስ ነው። «አሁን» ዛሬ አልታደሰም!

«አልመሸበትም!» ብዬ ጮህኩ።

«ማን ላይ ነው ያልመሸው?» አሉ እናትየዋ።

«ሰዓቱም ተሳስቷል እያልከኝ ነው?» አሉ ጋሼ። ፊታቸው ተቆጣ። «እንግዲያው ላስተካክለው!» እጃቸውን ወደ ኪቦርዱ ዘረጉ።

«ጋሼ እንዳይነኩት!»

በዚያ ቤት ጋሼ ላይ የጮኸ ሰው አልነበረም። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። በዚያች ቅጽበት አምፖሉ ብልጭ ብሎ ደብዘዝ አለ፣ አራታችንም ቀና ብለን ስእለት እንደሚሳል ሰው አየነው። መብራቱ ቢጠፋ ማሽኑ ሁሉን ረስቶ እንደገና መጠየቁ ነው።

«ቢጠይቅ ማንም እንዳይመልስለት!» አለች ልጅቱ።

አምፖሉ ተመለሰ። «አሁን»ን ከፈትኩ። ዲዛይኑ እዚያ አለ፤ ትልቁ፣ የትናንቱ፣ ሙሉ። በየፎልደሩ የነበሩት ስሞቹ ሁሉ ተጥለው፣ በአንዲት በመጨረሻ ስሙ ተንጠልጥሎ ሲጠብቀን ነበር። ፍላሹ ላይ ቀዳሁት። ስልኬ ላይም ቀዳሁት። ከዚያ ለልጅቱ ሰጠኋት፤ እሷም በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ ፍላሽ በሁለት እጅ ሲቀበሉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

የጥልፍ ማሽኑ ተነሳ። በረዶው ቆርቆሮው ላይ መውረድ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ቅጠል ስትወጣ እናትየዋ ጎንበስ ብለው ከሙሽሪት ካባ ጋር አስተያዩአት፣ ቀና አሉና አንድ እልልታ አቀለጡ። ከጎን ካሉት ሱቆች ሰዎች በር ላይ መጥተው ተሰበሰቡ። «ማን ነው ያገባው?» አለ አንዱ። «ሰርቨሩ» አለችው ልጅቱ፣ ከመርፌው ዓይኗን ሳትነቅል።

«ኢንጂነር!» አሉ ጋሼ።

ደስ ብሎኝ ቀና ስል ወደኔ አያዩም። የሰርቨሩን ልብስ መልሰው እያለበሱት ነው።

«አየህ አይደል?» አሉ። «ሰዓቱን እኔ ባላስተካክለው ኖሮ ዛሬ ምን ይውጠን ነበር?»

«ጋሼ፣ ቀኑን ባያስተካክሉት ኖሮ የትናንቱም፣ የትናንት ወዲያውም በየፎልደሩ ነበረ።»

«የቀኑን ተወው። እኔ የማወራህ ስለ ሰዓቱ ነው።»

እናትየዋ ሲወጡ መርቀውናል። ጋሼን አስቀድመው፣ ረዘም አድርገው መረቁ።

እሑድ ልጅቱ ሰርጉ ላይ ተጠርታ ሄደች። ሰኞ ስትመጣ፣ የሙሽራው አንዷ አክስት ሁለቱን ካባ በጣቶቿ ይዛ ሐረጉን ከላይ እስከ ታች ስታስተያይ እንደነበር ነገረችን። ግርጌው ላይ ደርሳ ምንም ሳትል ተነስታ ጭፈራው ውስጥ ገባች አለች።

እኔ ደግሞ የሰርቨሩን ባትሪ ቀየርኩ፤ ያቺ የኮት ቁልፍ የምታክል ነገር ናት ይሄን ሁሉ ያመጣችው። ቀኑንም ሰዓቱንም እሱ በሚያውቀው አቆጣጠር ሞላሁለት። ፕሮግራሙንም አረምኩት፤ ከእንግዲህ ዛሬ የተወለደው ፎልደር የሁሉም ሽማግሌ ሆኖ ከተገኘ ማንንም አይጥልም፣ ቆሞ ይጮኻል። ግጥሙን አነሳሁና በምትኩ «ተጠናቀቀ» የሚል ጻፍኩ። ጋሼ የተስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ ከሰርቨሩ በላይ ግድግዳው ላይ በእኛ የሚቆጥር ሰዓት ተሰቀለ።

አሁንም ጠዋት ጠዋት ሲገቡ የሰርቨሩን ልብስ ገለጥ አድርገው ስክሪኑን ያዩታል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ደግሞ ቀድመው በርጩማው ላይ የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ሰርቨሩ ዝም ብሎ ይነሳና ሥራውን ይቀጥላል። ባለፈው ወርደው በርጩማውን ወደ ቦታው ሲመልሱ አየኋቸው።

«ከዚያን ቀን ወዲህ እኮ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉኝ። «ምን ብላችሁ ነገራችሁት?»